ለመልስ የተተወ ዝምታ

መምህር ላቀው ጆሯቸውን ወደ ድምጽ ማጉያው አስጠግተው ጥቂት እንዳዳመጡ እጃቸውን አነሱ። ሸሀቡ ላፕቶፑን አቆመው።

«ይህ ሰው ማነው?» አሉ።

ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም። ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ ሰው እንዲሰማቸው ሲፈልጉ ተጠግተው ነው የሚናገሩት። የሸሀቡ ሱቅ ደግሞ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ስለሆነ፣ በጥሩምባውና በባጃጁ ጩኸት መሀል እሳቸውን ለመስማት ትንፋሽን መያዝ ያስፈልጋል።

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ጋሽ ላቀው።»

«እኔስ አይደለሁም። ይህ ጣሳ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ሰው ነው። ያውም አውቶቡስ ሊያመልጠው የደረሰ።»

የስልክ ሽፋን ስትደረድር የነበረችው ረህማ ሳቋን ዋጠች። ባሏ ሸሀቡ ግን አልሳቀም፤ እውነታቸውን እንደሆነ ያውቃል።

መምህር ላቀው ዕድሜያቸውን ዳባት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ፣ ማንበብ ለማይችለውም ይድረስ ብለው ራስን ስለማሻሻል የሚያወራ ትምህርት በካሴት ቀርጸው ነበር። ንዴትን ስለመግታት፣ የዛሬን ሥራ ለነገ ስለማሳደር፣ ሰው ፊት ለመናገር ስለመፍራት። ስብከት አልነበረም። አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ሰሚው ለራሱ እንዲመልስ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ «መልካም» ብለው ይቀጥላሉ። ያኔ ካሴት ቤት የነበረው ሸሀቡ እያባዛ ይሸጥላቸው ነበር። ራሱም ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሱቁን ሳይከፍት አንድ ክፍል መስማት ልማዱ ሆኖ ቆይቷል።

ካሴት ሲቀር ሥራው ሚሞሪ ላይ መጫን ሆነ። ገበያተኛው ሁሉ የሚለው አንድ ነበር፤ «ብዙ ይግባልኝ።» ብዙ እንዲገባ ድምፁ መጨመቅ አለበት። መጨመቂያው ፕሮግራም ደግሞ ዝም የተባለበትን ቦታ ባዶ ነው ብሎ ቆርጦ ይጥለዋል። የከተማው ሱቆች ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሠሩት፣ ሸሀቡም እንደዚያው ሠራ። ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የኖረው ይኸው ነው፤ መምህሩ ሰው ሳይመልስላቸው ጥያቄ በጥያቄ ላይ እየደራረቡ፣ እንደ መርማሪ ፖሊስ። የራሳቸው ካሴቶች ጣሪያቸው ያፈሰሰ ክረምት ሻግተው ተጥለዋል።

አሁን የሸሀቡ ልጅ ሰልማ ባሕር ዳር ሆና፣ ማንም ካለበት ቦታ በስልኩ የሚያወርድበት ገጽ አዘጋጅታለች። ጅዳ የምትሠራው እህቱ ፈይዛ ሳትቀር «መቼ ነው?» እያለች ትጨቀጭቀዋለች። የቀረው የመምህሩ ፈቃድ ነበር፤ ለዚሁ ነው ማለዳ ከዳባት የመጡት።

መምህር ላቀው ጋቢያቸውን አንገታቸው ላይ ጠመጠሙና ወደ ሸሀቡ ተጠጉ።

«ስማኝ ልጄ። የልጅ ልጄ ጥበብ የሚያውቀው ይህን ሹክሹክታዬን ነው። አያቴ እንዴት ነበር የሚናገረው ብሎ ይህንን ከሚሰማ፣ ባይሰማ ይሻለዋል። ከዚህ የተሻለ ከሌለህ አጥፋው። ገጹም ይቅር።»

«ከጅዳ ድረስ የሚጠብቅ ሰው አለ እኮ፣ ጋሽ ላቀው።»

«የሚጠብቀው እኔን ነዋ። ይኼን አይደለም።»

ሸሀቡ ልመና ቢጀምር እንደሚረታቸው ያውቃል፤ ሰውየው ሲለመኑ ይራራሉ። ግን ትክክል ናቸው። የላፕቶፑን ክዳን ሲያሻሽ ረህማ ከወዲያ ተናገረች።

«እማማ በለጠችስ?»

«የቷ በለጠች?»

«ሳንቃ በር ያሉት፣ የፓርክ ጠባቂው የስካውቱ የጋሽ እንዳለው ሚስት ናቸዋ። ያኔ ገና ዋናው ካሴት ከዳባት እንደመጣ በሽቦ ቀድተህ የሰጠሃቸው። ካሴታቸውን ለሰው አያውሱም። እኔ አንድ ጊዜ ልዋስ ብላቸው ‹የነፍሴ ነገር አለበት› ብለው መለሱኝ።»

ሸሀቡ ስልኩን አነሳ። ጋሽ እንዳለው ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ እስኪወጡ ብዙ ጊዜ ደወለ። በመጨረሻ ነፋስ የበዛበት ድምፅ መለሰለት።

«አለ ካሴቱ። ቴፑም አለ። ግን እሷ ከቤት አታስወጣውም፤ እኔን ብታስወጣኝ ይቀላታል።»

«አንወስድም። እዚያው መጥተን እንቀዳለን።»

«እንግዲያው ባትሪ ይዘህ ና።»

በሳንቃ በር አድርጎ ወደ መካነ ብርሃን የሚያልፍ፣ ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ ተገኘ። ሹፌሩ ለመምህሩ ጋቢና ለቀቀላቸው፤ ሸሀቡም ላፕቶፑንና ሽቦውን የያዘውን ቦርሳ እንደ ሕፃን ታቅፎ ከጎናቸው ተጠጋ። መኪናው የገብሱን ማሳ አልፎ ወደ ብርዱ ወጣ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገድ ዘግተው ሹፌሩ ሲያቆም መምህር ላቀው ወደ ሸሀቡ ዘንበል አሉ።

«ደግሞ ሰው የራሱን ድምፅ እንዲህ መውደዱ ምን ይባላል? ትዕቢት ይሆን?»

«የሰጠዎት ፈጣሪ ነው። የሰጠን ነገር ሲጠፋ መፈለግ ትዕቢት አይመስለኝም።»

«ብናገኘውና እኔ እንደማስታውሰው ሳይሆን ቢቀርስ?»

«ያን ጊዜ አጠፋዋለሁ» አለ ሸሀቡ። «ቃሌ ነው።»

የእማማ በለጠች ቤት ከመንገዱ በታች፣ የአስታ ዛፍ በከበበው ገደላ ገደል ጫፍ ላይ ነው። አጎንብሰው ድንች ሲልጡ አገኟቸው። እማማ በለጠች መምህሩን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩ። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ሹክሹክታውን ሲሰሙ እማማ በለጠች ቢላዋውን አስቀመጡ። «ውይ፣ ድምፅዎ ወዴት ሄደ?»

«እርስዎ ዘንድ ነው ብለውኝ መጣሁ» አሉ መምህር ላቀው።

ውሃ ቀረበ፣ ሻይ ተጣደ፣ ለሸሀቡም ይበላ ዘንድ ድንች በጨው ተቀቀለ። ጨዋታው ግን ወደ ካሴቱ ሲመጣ እማማ በለጠች ወደ ባላቸው ዞሩ።

«አሰማለሁ። ግን እንዳለው ይውጣ።»

«ከገዛ ቤቴ?» አሉ ጋሽ እንዳለው።

«በቅሎዋን እያት።»

«በቅሎዋ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች። እያት።»

ጋሽ እንዳለው የድሮ የስካውት ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። ከደጃፉ ብዙ አልራቁም፤ ግድግዳውን ተደግፈው ሲቀመጡ ዱላቸው ድንጋይ ሲነካ ተሰማ።

ካሴቶቹ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ከሳጥን ወጡ። ሸሀቡ አንዱን አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን አዞረው፤ እጁም እዚያው ቀረ። ካሴት ሲሸጥ ሰው በላዩ እንዳይቀዳበት ጫፉ ላይ ያለችውን ፕላስቲክ ይሰብራት ነበር። የተሰበረችበት ቦታ በወረቀት ተለጥፏል። እንዲህ የሚለጠፈው ሌላ ነገር በላዩ ሊቀዳ ሲፈለግ ብቻ ነው። የቀሩትንም አየ፤ ሁሉም ተለጥፈዋል።

«እማማ፣ ይህን ቀዳዳ ማን ደፈነው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«መልሱን ልሞላበት ነዋ።»

ሸሀቡ ወደ መምህሩ ማየት ፈራ። «የምን መልስ?»

እማማ በለጠች ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። «መሠረተ ትምህርት ስንማር መምህሩ ጥያቄ ጽፎ ከሥሩ ባዶ ይተውልን ነበር። ባዶውን ያልሞላ ሰነፍ ነው። እሳቸው ‹ጮክ ብላችሁ መልሱ› ብለው ዝም ሲሉ፣ ይህ የኔ ቦታ ነው አልሁ። ቀይዋን ቁልፍ ተጭኜ እመልሳለሁ፤ ስጨርስ እለቃታለሁ። ታዲያ ሌላ ለምን ይተዉታል?»

ሸሀቡ ቢስሚላህ ብሎ ካሴቱን ከተተ፤ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ ሽቦ ዘረጋ፤ ማጫወቻውን ተጫነ።

መጀመሪያ የካሴቱ ክር ሽውታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሳያጠራ፣ ሳይቸኩል፣ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ያህል ተናገረ። ደረቱ ሰፊ የሆነ ሰው ድምፅ ነበር፤ ከንፈሩ ሲላቀቅ እንኳ ይሰማል።

«ዛሬ ከአፌ ከወጣው ቃል የትኛው ቢመለስልኝ እወድዳለሁ? በሉ፣ ራሳችሁን ጠይቁ። ጮክ ብላችሁም መልሱ።»

መምህር ላቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቴፑ ቀጭ አለ። ከዚያ የወጣት ሴት ድምፅ ተከተለ፣ አፏን ወደ መቅረጫው እጅግ አስጠግታ፤

«ለእንዳለው ‹ያባትህ ልጅ› ያልሁት ቢመለስልኝ እወድ ነበር። አባቱ ደግ ሰው ነበሩ። ከደባርቅ ጨው ረስቶ ስለመጣ ነው እንዲያ ያልሁት። ይቅር ይበለኝ።»

ቀጭ። ትንሽ ሽውታ። «መልካም» አለ የመምህሩ ድምፅ፤ ልክ ሴትዮዋን ሰምቶ የመለሰ ይመስል።

ከግድግዳው ወዲያ ጋሽ እንዳለው ተናገሩ፤ «አልረሳሁም። ጨው ተወዶ ነበር።»

እማማ በለጠች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። መምህር ላቀውም በጋቢያቸው ተከናንበው ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ሸሀቡ ያለቀሱ መስሎት ሊያቆመው ሲል ጋቢው ወረደ፤ እየሳቁ ነበር፤ ሳቃቸው ድምፅ ስለሌለው ነው። ዓይናቸው ግን ረጥቧል።

«ያን ሁሉ ዓመት ጠየቅሁ» አሉ። «አንድ ሰው ሲመልስልኝ ይኸው ዛሬ ሰማሁ።»

ከዚያ በኋላ ማንንም ከቤት የሚያስወጣ ነገር አልነበረም። ጋሽ እንዳለው ገብተው ከሚስታቸው ጎን ተቀመጡ። ሸሀቡ ካሴት በካሴት እየቀየረ ቀዳ፤ እማማ በለጠች ያኔ ቀይዋን ቁልፍ ሲጫኑና ሲለቁ ከመምህሩ ቃል አንዲት ፊደል እንኳ አልበሉም። በመሀል የዙሁር ሶላት ደረሰ። እማማ በለጠች የውሃ ማሰሮውን ሳይጠየቁ አቀረቡለት፤ ውዱእ አድርጎ አስታው ሥር ሰገደ። ግንባሩ መሬቱን ሲነካ ከማለዳ ጀምሮ ትከሻው ላይ የነበረ ነገር የወረደ መሰለው።

ሲነሳ ጉብታው ላይ ወጥቶ ለሰልማ ደወለ።

«ድምፁ ተገኘ።»

«አልሐምዱሊላህ። አባ፣ አደራ እንዳትጨምቀው። በድምጽ መልእክትም እንዳትልከው፣ ይቀንሰዋል። ከነክብደቱ ፋይል አድርገህ ላከው፤ እኔ እንዳለ እጭነዋለሁ።»

«ስልኬን ሞላብኝ የሚል አይጠፋም።»

«አንድ ዘፈን ያጥፋና ያውርደው።»

ሲመለስ ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር ተነስቶ ቆየው። እማማ በለጠች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው ነበር።

«ጥያቄው የሁሉ ነው፤ ይውጣ፣ ደስ ይለኛል። መልሱ ግን የኔና የፈጣሪዬ ነው።» ባላቸውን በጎን አዩ። «እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ የእንዳለውም ሆነ። ለሌላው ግን አይሆንም፣ ሸሀቡ።»

«ልክ ነዎት፣ እማማ። መልሱን አጠፋዋለሁ።»

የመጀመሪያውን ክፍል ከፍቶ መልሳቸውን አጠፋና ቦታውን ባዶ ተወው። አሰማቸው። መምህሩ ጠየቁ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ጭር አለ። የክሩ ሽውታ እንኳ የለም።

ጋሽ እንዳለው ቴፑን በጥፊ መታ አደረጉት። «ቆመ።»

«አልቆመም። ደግሞም ድምፁ የሚመጣው ከላፕቶፑ ነው። ጋሽ ላቀው ዝም ያሉበት ቦታ ነው ይሄ።»

«ዝም ያለ ሰውና የሞተ ሰው አንድ ነው? እኔ ሌሊት ዘብ ቆሜ የኖርሁ ሰው ነኝ። ዝም ያለ ሰው ካለ አጠገብህ ታውቀዋለህ። እዚህ ውስጥ ማንም የለም።»

ሸሀቡ እንደገና ሰማው። እውነት ነው፣ ማንም የለም። ጅዳ ላይ ፈይዛ ሥራዋን ጨርሳ ይህን ብትከፍት፣ ያወረደችው ተበላሽቶ መስሏት ትዘልለዋለች። የሰማይ ያህል የጠራ ድምፅ መሀል መሀሉ ላይ ጉድጓድ።

መምህር ላቀው እጁን ያዝ አደረጉት። ፊታቸው ከጠዋቱ ጋር አይገናኝም፤ ተርፎ እንደመጣ ሰው ለስልሷል።

«ቁረጠውና ግጠመው፣ ልጄ። ድምፄን አግኝቻለሁ፣ ጥበብ ይሰማኛል። ይህ ይበቃኛል። አትድከም።»

ፈቃዱ ተገኘ ማለት ነው። ሸሀቡ ጣቱን ማውሱ ላይ እንዳደረገ ቀረ። አንድ ጊዜ ቢጫን ያልቃል፤ ለመጨረሻው መኪናም ይደርሳሉ። ግን ቆርጦ መግጠም ማለት ያው የድሮው ነው፤ ጥርት ባለ ድምፅ የሚቸኩል ሰው። እሱ ራሱ በእነዚያ ማለዳዎች ሱቁን ሳይከፍት የተጠቀመው ከጥያቄው ነበር ወይስ ከዝምታው?

«ጋሽ ላቀው፣ ያኔ ሲቀረጹ፣ ዝም የሚሉበትን ልክ እንዴት ነበር የሚያውቁት?»

«አቡነ ዘበሰማያት በልቤ እደግማለሁ። ሳደርሰው ‹መልካም› እላለሁ።»

ሸሀቡ ከቦርሳው አንድ ትንሽ ማይክራፎን አወጣ። ሳይነሳ መደቡ ላይ ተንፏቀቀና መምህሩ ፊት፣ ለትንፋሻቸው ቅርብ አድርጎ በድንች ሳህኑ ላይ አስደገፈው።

መምህር ላቀው ወደ ኋላ ሸሹ። «ምን ሆነሃል? መናገር አልችልም እኮ።»

«እንዲናገሩልኝ አይደለም። ዝም እንዲሉልኝ ነው።»

ነገሩ ሲገባቸው መምህር ላቀው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ክፍል ሊገቡ እንደሆነ ሁሉ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ለየጥያቄው?»

«ለየጥያቄው። ጥያቄውን አሰማዎታለሁ፣ ከዚያ እንደ ድሮው ነው።»

«ይህንስ እችላለሁ» አሉ።

ጋሽ እንዳለው ዶሮዋን አስወጥተው በሩን ገርበብ አደረጉ። ሸሀቡ ወደ እማማ በለጠች ዞረ።

«እማማ፣ አሁን ግን አይመልሱም።»

«በልቤስ?»

«በልብዎ ይቻላል።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሸሀቡ ጥያቄውን አሰማ፤ ያ ሰፊ ድምፅ «መልሱ» ብሎ ሲያበቃ የላፕቶፑን ቀይ የመቅረጫ ቁልፍ ተጫነ።

አስታው ውስጥ ነፋስ ያልፋል። ምድጃው ላይ አንድ እንጨት ይሰነጠቃል። የመምህር ላቀው ከንፈር ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀሳል፤ ትንፋሻቸው ይገባል፣ ይወጣል፤ ሰው እንዳለ ያስታውቃል። ሸሀቡ በበኩሉ ፋቲሓን በልቡ ጀመረ። እሱ ሲጨርስ መምህሩ ገና ነበሩ፤ ጠበቃቸው። በመጨረሻ «መልካም» ይሉበት በነበረው ቦታ ላይ ራሳቸውን በዝግታ ነቀነቁ።

የሸሀቡ ጣት ወደ ማቆሚያው ሄደ። ደረሰና ተመለሰ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረው። መልስ የሚዘገይበት ሰው አይጠፋም ብሎ ጥቂት ተወው።